በግድ የገባው መስመር

1

አልቀበልም አለ።

ሰው ቢሆን ኖሮ የውብዳር መልስ አታጣለትም ነበር። ሽንኩርት ስትሸጥ አልገዛም ብሎ ያለፋትን ሁሉ ከመንገድ መልሳ አስገዝታለች። ይኼ ግን ሰው አይደለም፤ ኮምፒውተር ነው። የጻፈችውን መስመር ልትልክ ቁልፉን ተጫነች፣ በቀይ ፊደል አልቀበልም ብሎ ጻፈላት። እጇ የተሳሳተ መስሏት ደግማ ተጫነች።

አልቀበልም።

«ምን አባክ ሆንክ አንተ?» አለችው።

በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ባልደረባዋ ሐያት ለዙህር ሶላት ወጥታለች። ሁለቱን የሚያስተምራቸው ልጅ፣ ሚልክያስ፣ ሞተሩን አስነስቶ ላይኛው ድልድይ ሄዷል። በመስኮት የሚታየው ሰማይ አንድ ጭረት ደመና የለበትም። ግቢው ውስጥ የተሰጣው ነጠላዋ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ቀጥ ብሏል።

ምክንያት፦ ተስተካክሏል።


2

«ምክንያት» የሚለውን መስመር አያችሁት? አትዝለሉት፤ ያስፈልጋችኋል።

በዚህ ሥራ አንድ ነገር በቀየርሽ ቁጥር ማሽኑ ይጠይቃል። ምን ቀየርሽ? ለምን? ሳትመልሺ አያሳልፍሽም። የውብዳር ከገባች ጀምሮ የምትመልሰው አንድ ቃል ነው፦ ተስተካክሏል። ነጥብ ብትጨምር ተስተካክሏል። መስመር ብትሰርዝ ተስተካክሏል። እኔም ይህን ታሪክ በቁራጭ በቁራጭ ስጽፈው ቃሏን እንዳለ ከሥር አስቀምጬዋለሁ። ሌላውን እየነገርኳችሁ እሄዳለሁ።


3

ማን ናት?

የውብዳር አራተኛ ክፍልን አልጨረሰችም። ፊደል ግን አላጣችም፤ ቀስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። እልኸኛ ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ «ከእሷ ጋር ከመከራከር ከበሬ ጋር መገፋፋት ይሻላል፤ በሬ ሲደክመው ይተኛል» ይል ነበር።

ድምጿን የማያውቅ ግን የለም። በገበያ ቀን የእጅ ድምፅ ማጉያዋን ይዛ፣ «እናንተዬ፣ ሽንኩርቱ አለቀ!» ስትል ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይሰማታል። ሽንኩርቱ አላለቀም። ሰው ግን ይሮጣል።

ያቺን ድምፅ ነው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ጥሪውን የሚያዘጋጁት ሰዎች የፈለጓት።

ቀልቃሊት የምትባለው ወንዝ በክረምት ሜዳው ላይ ትወጣለች። የሩዙ ማሳ፣ የከብቱ በረት፣ ታች ሰፈር የሚባለው መንደር ሁሉ በእሷ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ላይኛው ድልድይ ላይ መለኪያ ተተከለ። ውኃው ቀዩን መስመር ሲነካ፣ ማንም ቁልፍ ሳይጫን፣ የሜዳው ሰው ስልክ በአንድ ጊዜ ይጠራል። ያነሳ መልእክቱን ይሰማል። ያላነሳ እስኪያነሳ ይጠራበታል።

አምና መልእክቱን ያነበበው ከትልቅ ከተማ የመጣ ጎርናና ወንድ ነበር። ሰው «ሎተሪ ደረሰህ የሚሉት ሌቦች ናቸው» እያለ ዘጋው። ውኃው ከጥሪው ቀጥሎ ደረሰ። ሰው ተረፈ፤ ከብት አልተረፈም።

ዘንድሮ የውብዳርን ግድግዳው ብርድ ልብስ የለበሰ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ድምጿን ቀዱ። አሁን ማሽኑ የተጻፈለትን ሁሉ በእሷ ድምፅ ያነባል። ቃሉን የሚጽፉትና የሚያርሙት ደግሞ እሷና ሐያት ናቸው። ሐያት ስምንተኛ ክፍልን ያለፈች፣ እዚያው ታች ሰፈር የምትኖር ሴት ናት። ሁለቱም ይህን ለመሥራት ጊት የሚሉትን፣ የጽሑፍ ለውጥ የሚመዘግብ የኮምፒውተር ፕሮግራም መማር ነበረባቸው።

የውብዳር ልጇ ማስተዋልም ታች ሰፈር ነው ያገባችው። አራስ ናት። ሕፃኑ ገና ክርስትና አልተነሳም።

ምክንያት፦ ተስተካክሏል።


4

ሚልክያስ ያስተማረው፣ የውብዳር እንደገባት፦

ዋናው ቦይ አንድ ነው። ጥሪው የሚያነበው ዋናው ላይ ያለውን ብቻ ነው።

አንቺ ዋናው ላይ ገብተሽ አታንቦጫርቂም። ግልባጩን ወደ ራስሽ ኮምፒውተር ትስቢያለሽ። የዛሬውን ብቻ አይደለም፤ ማን መቼ ምን እንደቀየረ፣ ከነታሪኩ። ሐያትም የራሷ ሙሉ ግልባጭ አላት። የአንዱ ቢቃጠል የሌላው አለ።

የቀየርሽውን ታስቀምጫለሽ። ኮሚት ይሉታል። እዚያ ላይ ነው ለምን ብሎ የሚጠይቅሽ።

ከመግባቱ በፊት ሌላ ዓይን ይየው። ያ ዓይን «ይግባ» ካለ ትልኪያለሽ።

ከመላክሽ በፊት ሳቢ። ሌላ ሰው ቀድሞሽ ልኮ ከሆነ ማሽኑ አይቀበልሽም። ተቆጥቶ አይደለም። ያላየሽው ነገር አለ እያለሽ ነው።

በግድ የምትል ቃል አለች። ከመላኪያው ትእዛዝ ጋር ከተጻፈች ማሽኑ ዝም ብሎ ይቀበላል። ዋናው ላይ የነበረውን ገልብጦ የአንቺን ያስቀምጣል። እሷን አትንኳት።

ይኸው ነው። መስኖ ዳር ላደገች ሴት ከባድ አልነበረም። ውኃውን ከዋናው ቦይ ጠልፈሽ ወደ ማሳሽ ትወስጃለሽ፣ ሥራሽን ትሠሪያለሽ፣ ስትጨርሺ መልሰሽ ትቀላቅያለሽ። ያለ ተራሽ ከቀላቀልሽ የጎረቤትሽን መደብ ትንጃለሽ።

ያልተዋጠላት «ለምን» የሚለው ነው።

«እትዬ የውብዳር፣ ‹ተስተካክሏል› እኮ ምንም ማለት አይደለም» አለ ሚልክያስ አንድ ቀን፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ለምን እንደቀየሩት።»

«ስላላማረኝ ነዋ።»

«እሱኑ ይጻፉት።»

«ለማን? ለዚህ ቆርቆሮ?»

«ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ሰው።»

«ከእኔ በኋላ የሚመጣው እኔን ይጠይቀኝ። የት ሄጄ?»

ሐያት ከጥግ፣ «ብትሞችስ?» አለች።

«መቃብሬን ይጠይቅ። ደርሶ መልስ ካጣ ይመለስ።»

ሐያት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሚልክያስ ግን ሳቁን ዋጠው። የዚህ ልጅ በሽታ ይኼው ነው፤ ዋጥ ያደርጋል።


5

አሁን ወደ መስመሩ።

ፋይሉ ውስጥ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ «የጎርፍ ማስጠንቀቂያ። ወደ መድኃኔዓለም ጉብታ ውጡ።»

የውብዳር ገና ስታየው አላማራትም። መርዶ እንኳ እንዲህ አይረዳም። መርዶ ነጋሪ ሰው በር ላይ ቆሞ «ሞቷል» ብሎ አይጮኽም፤ ዘመድ ያሰባስባል፣ ይቀመጣል፣ እህል ውኃ እስኪቀመስ ይጠብቃል። በእሷ ድምፅ የሚሄድ ነገር በዚህ ዓይነት ብልግና አይሄድም። ስለዚህ በግልባጯ ላይ እንዲህ አደረገችው፦

«እንደምን ዋላችሁ፤ ቤተሰቡ ደኅና ነው ወይ፤ ከብቱ ደኅና ነው ወይ፤ እኔ የውብዳር ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ አትደንግጡ፤ ውኃ እየመጣ ስለሆነ ወደ መድኃኔዓለም ጉብታ ውጡ።»

ሐያት በዚያው ጠዋት፣ ከታች ሰፈር እንደመጣች፣ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ቁጭ ብላ ያንኑ መስመር በራሷ ግልባጭ ላይ ቀየረችው። የውብዳር ከትከሻዋ በላይ አጮለቀች። የመጀመሪያውን ቃል አየች።

ውጡ!

ከቃለ አጋኖው ጋር። ፊቷን አዞረች። ሌላውን አላነበበችም።

ይቺን ያዙልኝ። ሌላውን አላነበበችም።

ከዚያ ሁለቱም ለሌላ ዓይን አሳዩ። ሌላ ዓይን ሚልክያስ ነው። የውብዳርን መስመር አነበበ። ጥሪው ከአንድ ትንፋሽ በላይ እንደማይሄድ፣ ከዚያ እንደሚቆረጥ ያውቃል። ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ጥቁር ሻሽዋን አየ። እናቱን የምታህል ሴት፣ ደስ ብሏት፣ እጇን አጣጥፋ ትጠብቀዋለች።

«ጥሩ ነው እትዬ። ይግባ።»

ቀጥሎ የሐያትን አነበበ። አንዱ ከገባ ሌላው እንደሚጋጭ ያውቃል። ሐያትም ታላቁ ናት።

«ጥሩ ነው እትዬ ሐያት። ይግባ።»

ሁለቱንም አስደስቶ ሞተሩን አስነሳና ሄደ። ጨው የሌለው ወጥ ቀርቦለት «ይጣፍጣል» ብሎ ያልበላ ሰው ካለ ይፍረድበት።

ሐያት ቀድማ ላከች። ተቀበላት። ለሶላት ወጣች። ቀጥሎ የውብዳር ላከች።

ያኔ ነው አልቀበልም ያለው።


6

አትንኩ ከተባለ ነገር ይልቅ በሰው ራስ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። የማሽኑን ትእዛዝ ግማሹን ረስታለች፤ ያቺን ቃል ግን አልረሳችም።

የቀደመቻት ሐያት እንደሆነች ገባት። «በእኔ ድምፅ ሰው ላይ ልትጮህ?» አለች። መላኪያውን ጻፈች። ከጎኑ ቃሏን ጨመረች።

በግድ።

ተጫነች።

ተቀበለ።

ምክንያት፦ ተስተካክሏል።


7

ቁጥር ስድስትን ልሰርዘው አስቤ ነበር። ሰዎች የውብዳርን ክፉ እንዳያዩብኝ።

ግን በዚህ ሥራ የሰረዝሽው አይጠፋም፤ «ሰርዛዋለች» ተብሎ ይጻፍብሻል። ይቆይ።


8

ስልክ። እንደወረደ፦

ሚልክያስ፦ እትዬ የውብዳር! ይሰማሉ?

የውብዳር፦ እሰማለሁ። ምንድን ነው የሚያጓራው?

ሚልክያስ፦ ውኃው ነው።

የውብዳር፦ የምን ውኃ? እዚህ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ነጠላ አስጥቻለሁ።

ሚልክያስ፦ ደጋው ላይ ሲዘንብ አድሯል። ግንድ ይዞ እየመጣ ነው። ቀዩን ሊነካ ክንድ ቀርቶታል።

የውብዳር፦ የማን ክንድ?

ሚልክያስ፦ የእኔ። እትዬ፣ ዋናው ላይ ያለው የማን መስመር ነው?

የውብዳር፦ የእኔ ነዋ።

ሚልክያስ፦ የእርስዎ?

የውብዳር፦ አዎ፣ ምነው?

ሚልክያስ፦ ረዝሟል እትዬ። ጉብታው ላይ ሳይደርስ ይቆረጣል። «አትደንግጡ» ካለ በኋላ… እዚያ ላይ ይመስለኛል የሚቆረጠው።

የውብዳር፦ ጥሩ ነው፣ ይግባ አላልክም አንተ?

ሚልክያስ፦ ብያለሁ።

የውብዳር፦ ለምን?

ሚልክያስ፦ እ…

የውብዳር፦ ለምን ነው የምልህ!

ሚልክያስ፦ አፈርኳ፣ እትዬ። እርስዎን እምቢ ማለት…

(ተቋረጠ።)


9

እንደምን ዋላችሁ። ቤተሰቡ ደኅና ነው ወይ። ከብቱ ደኅና ነው ወይ። እኔ የውብዳር ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አትደንግጡ።






10

ሐያት ስትገባ እግሯ ለሶላት ካደረገችው ውዱ ገና አልደረቀም። የውብዳር ቆማ ነበር።

«ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ?»

«ቀልቃሊት ልትወጣ ነው። ሚልክያስ ደወለ።»

ሐያት ወደ መስኮቱ አየች፣ ወደ ጠራው ሰማይ፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ጠዋት ቀየርኩት።»

«ምኑን?»

«ጉብታውን ነዋ! ወደ መድኃኔዓለም የሚወስደው የእንጨት መሻገሪያ ሌሊት ተወስዷል። እኔ ራሴ ዛሬ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞሬ ነው የመጣሁት። በዚያ የሚሄድ ሰው ቀጥ ብሎ ውኃው ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ ‹ወደ ወፍጮ ቤቱ ጉብታ› አልኩት። አላየሽውም እንዴ?»

የውብዳር ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

«ውቤ። አላየሽውም?»

«‹ውጡ› የሚለውን አይቻለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተናደድኩ።»

ሐያት ወደ የውብዳር ኮምፒውተር ሄዳ ጎንበስ አለች። ዋናውን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እንደምን ዋላችሁ። የእሷ መስመር የለም። ኮሚቷም የለም። ጠዋት ያልተጻፈ ይመስላል።

«ያቺን ቃል ጻፍሽ?»

የውብዳር ዓይኗን ወደ ግቢው፣ ወደ ነጠላዋ አዞረች።

«የውብዳር! ያቺን ቃል ጻፍሽ ወይ?»

«ጻፍኩ።»

የየውብዳር ስልክ ጮኸ። ከሚልክያስ የመጣ የጽሑፍ መልእክት። አንድ ቃል።

ስንዝር።


11

መጀመሪያ ልጇ ጋ ደወለች። ማንኛዋም እናት እንደምታደርገው።

ጠራ። አልተነሳም። የማስተዋል አማት ስልክ ለጨቅላ አይበጅም ብለው ከአራስ ቤቱ አውጥተው ውጪኛው ክፍል፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውታል። ማታ ማታ ባሏ ሲመጣ ነው የሚነሳው። ሐያትም ወደ ራሷ ቤት ደወለች፤ ልጆቿ ስልኩን ይዘው ሩዝ ማሳ ወፍ ሊጠብቁ ወጥተዋል፤ እዚያ ኔትወርክ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም።

«ቢደጋገም ይሰማሉ» አለች የውብዳር። «ጥሪው እስኪነሳ አይተውም። መጨረሻ ላይ አንዱ ሰው ያነሳዋል።»

«አንስቶስ ምን ይሰማል?»

የውብዳር መልሱን ታውቃለች። ቁጥር ዘጠኝን እናንተም አንብባችኋል። ማስተዋልን እናቷ በራሷ ድምፅ፣ በሰላም፣ ረጋ ብላ፣ አትደንግጡ ትላታለች። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። አራሷ ልጅ መልሳ ትጋደማለች። ነቅቶ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ደግሞ እንደ ዘወትሩ ወደ መድኃኔዓለም ነው የሚሮጠው፤ ወደ ፈረሰው መሻገሪያ።

«ሚልክያስ ጋ ደውዪ፣ ይመልሰው» አለች ሐያት።

ደወለች። የለም። ድልድዩ አካባቢ ኔትወርክ እየመጣ እየጠፋ ነው፣ ወይም ልጁ ራሱ…

«አፌን አልክፈት» አለች የውብዳር።


12

የአንዱ ቢቃጠል የሌላው አለ።

ከቁጥር አራት ነው። የውብዳር ይህን አፏ ላይ ይዛ ወደ ሐያት ዞረች።

«ያንቺስ? ያንቺ ኮምፒውተር ላይ የለም?»

«የቱ?»

«መስመርሽ! እኔ ያጠፋሁት ዋናውን ነው። ያንቺን ግልባጭ እኔ ምን አደረግሁት? አልነካሁት!»

ሐያት ወደ ወንበሯ በረረች። ኮምፒውተሩን ስትከፍት የይለፍ ቃሏን አንዴ ሳተች። ተከፈተ። ታሪኩን ጠራችው። አለ። ጠዋት ያስቀመጠችው፣ ከነምክንያቱ፦ የመድኃኔዓለም መሻገሪያ ፈርሷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

የውብዳር ያንን መስመር በጣቷ ተከትላ አነበበችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጠዋት ይህቺን ብታነብ ኖሮ።

«ላኪው! አሁኑኑ ላኪው!»

ሐያት ላከች።

አልቀበልም አለ።

አሁን የቀደመችው የውብዳር ናት። ሐያት ቀና ብላ አየቻት። ሁለቱም ስለ አንድ ቃል እያሰቡ ነበር። አንዲት አጭር ቃል፣ ከመላኪያው ጎን።

«በግድ አድርጊው» አለች ሐያት። «አንቺ ታውቂበታለሽ።»

«አይሆንም።»

«ሰው ሊያልቅ ነው!»

«በዚያች ቃል ያጠፋሁት ይበቃኛል። የሆነ ያላየነው ነገር ቢኖርስ? ሚልክያስ አንድ ነገር አስተካክሎ ልኮ ቢሆንስ? ሳቢው። መጀመሪያ ሳቢው።»

ሐያት ሳበች። ማሽኑ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አምጥቶ ቆመ። ግጭት አለ፣ እናንተ ወስኑ፣ አለ፦

<<<<<<< ሐያት
ውጡ! ውኃ መጣ! ወደ ወፍጮ ቤቱ ጉብታ! መድኃኔዓለም መሻገሪያው ፈርሷል!
=======
እንደምን ዋላችሁ፤ ቤተሰቡ ደኅና ነው ወይ፤ ከብቱ ደኅና ነው ወይ፤ እኔ የውብዳር ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ አትደንግጡ፤ ውኃ እየመጣ ስለሆነ ወደ መድኃኔዓለም ጉብታ ውጡ።
>>>>>>> የውብዳር

የየውብዳር ስልክ እንደገና ጮኸ።

ጣት።


13

«የእኔን አስቀርቼ ያንቺን ላጥፋ» አለች ሐያት። «አለቀ።»

«ቆይ።»

«ምን ቆይ? ጣት አለ እኮ!»

«አንቺ፣ አምና ለምን ዘጉት? ማን እንደሆነ የማያውቁት ሰው ‹ውጡ› ስላላቸው አይደለም? ሎተሪ ደረሰህ የሚል ሌባ ነው ብለው አይደለም? ያንቺ አማች ራሱ አልዘጋውም?»

ሐያት አማቿን አስታወሰች። ዘግቶት ነበር። ሁለት ላም አጥቷል።

«ማን እንደሆንኩ ይስሙ» አለች የውብዳር። «ሌላው ያንቺ ይሁን።»

ሐያትን አስነስታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። በአንድ ጣት መጻፍ ጀመረች። ሐያት ከኋላዋ ቆማ እየተቁነጠነጠች ነበር። በደንቡ መሠረት አሁን ሌላ ዓይን እሷ ናት።

እንደምን ዋላችሁ፤ እኔ የውብዳር ነኝ፤

«አይሆንም» አለች ሐያት።

የውብዳር ዞር አለች። ይህን ያህል ዘመን ሲተዋወቁ፣ በገበያ መደብ ለመደብ ሲቀመጡ፣ ሐያት ለእሷ አይሆንም ብላ አታውቅም። ቅር ቢላትም «እሺ ውቤ» ነው የምትለው።

«‹እንደምን ዋላችሁ› ይውጣ። ይረዝማል።»

የውብዳር ሰረዘችው።

እኔ የውብዳር ነኝ፤ አትደንግጡ፤

«አይሆንም።»

«አንቺ ሴትዮ!»

«ይደንግጡ! ምን ማለት ነው አትደንግጡ? ይደንግጡ እንጂ!»

ሰረዘችው። ፊደል በፊደል፣ ከኋላ ወደ ፊት። ጡ። ግ። ን። ሁሉም እንደ ጥርስ የሚነቀል መሰላት። ከዚያ የሐያትን አወረደችና ከስሟ ቀጥሎ አስቀመጠችው፦

እኔ የውብዳር ነኝ። ውኃ መጣ። ወደ ወፍጮ ቤቱ ጉብታ ውጡ። የመድኃኔዓለም መሻገሪያ ፈርሷል።

ሐያት ደረቷን ሞላችና ጮክ ብላ፣ ሳትተነፍስ አነበበችው። ደረሰ። ትንፋሽ ተረፋት።

የውብዳር ቀና ብላ አላየቻትም። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። «ይጣፍጣል እንዳትዪኝ» አለች። «እውነቱን።»

«ይግባ።»

ማሽኑ እንደ ልማዱ ጠየቀ። ለምን?

«ተስተካክሏል በይና እለፊው!» አለች ሐያት።

የውብዳር ጣት ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ሄደ። ቀስ ብሎ። ሐያት እጇን ነከሰች።

ምክንያት፦ መሻገሪያው ፈርሷል። ሐያት ነግራን ነበር፣ ሳላነብ በግድ አጠፋሁት።

ላከች።


14

ተቀበለ።

ስልኩ ጮኸ። ሁለቱም አንድ ላይ ጎንበስ አሉ።

ነካ።

ወዲያው የሐያት ስልክ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቁጥሯ ከታች ሰፈር ቁጥሮች ጋር ተመዝግቧል። አንስታ ድምፁን ለሁለቱም አሰማች። የውብዳር የራሷን ድምፅ ሰማች። ገበያ ላይ የምትለማመጥበት ድምፅ አይደለም። ማስተዋል በልጅነቷ ወደ እሳት ስትሄድ ባየች ጊዜ የወጣት ድምፅ ነው። እኔ የውብዳር ነኝ። ውኃ መጣ።

እስከ መጨረሻው ሄደ። አልተቆረጠም።

ኮምፒውተሩ ላይ የታች ሰፈር ስሞች እንደ ዶቃ ተደርድረው መጡ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ቃል አለ።

ሸጋው — ተነሳ።

ዘሃራ — ተነሳ።

የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ — ተነሳ።

የሐያት ቤት — ይጠራል። ይጠራል። ተነሳ።

ሐያት «አልሐምዱሊላህ» አለች። የውብዳር ግን ማንበቧን አላቆመችም። ጣቷ የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ፣ ስሙን እየተከተለ ወረደ፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ውጪ ፀሐዩ አልበረደም። ነጠላዋ እንደተሰጣ ነው።

ማስተዋል — ይጠራል።


15

የምታነቡ ሰዎች፣ ቀጣዩን ቁራጭ እኔ አልጽፈውም፤ እናንተ ጻፉት። ከአንድ እስከ አሥራ አራት ያለው ሙሉ ግልባጭ፣ ከነታሪኩ፣ አሁን እናንተ ዘንድ ነው።

ስታስቀምጡት ለምን እንደሆነ ጻፉ። ተስተካክሏል እንዳትሉኝ።


16

ይጠራል።


ይጠራል።






ምክንያት፦